ጉልበት ስሜ የተቀበልኩት ዕዳ

አዲስ መኪና ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። ሰው ሁሉ ይወደዋል አይደል? ያን የፕላስቲክና የቆዳ፣ ገና የማንም እግር ያልረገጠው ምንጣፍ ሽታ፣ መስኮት ዘግቶ የሚምገው ሰው አውቃለሁ። እኔን ግን ያመኛል። ባለፈው ፒችትሪ ኮርነርስ ከምሠራበት ቢሮ አንዷ ባልደረባዬ አዲስ መኪና ገዝታ "ግቢ፣ ምሳ ልጋብዝሽ፣ እግረ መንገድሽን መርቂልኝ" አለችኝ። ገባሁ። በሩ ሲዘጋ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው፣ ገና ከፓርኪንግ ሳንወጣ መስኮቱን እስከታች አወረድኩት። "ምነው፣ እርጉዝ ነሽ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ምን እርግዝና አመጣው! ንዴት ነው እንጂ። ከሃያ ዓመት በላይ ያልወጣልኝ ንዴት።

ለሷ ምን ብዬ ልንገራት? ላንቺ ግን ልንገርሽ፣ ቁጭ በይ።

ዲቪ ደርሶን አትላንታ ስንገባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ታክሲ መንዳት ጀመረ፣ እናቴ ሆቴል አልጋ ማንጠፍ። ሁለቱም ሲነጋ ወጥተው ሲመሽ ነው የሚገቡት፣ እንግሊዝኛ መቼ ይማሩ? እኔ በስድስት ወር ምላሴ ተፍታታ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ አፍም እጅም እኔ ሆንኩ። መብራት ኃይል ሲደወል ድምፄን አወፍሬ እናቴን ሆኜ እከራከራለሁ። የኢሚግሬሽኑን ፎርም፣ የአፓርታማውን ውል፣ የራሴን የትምህርት ቤት ወረቀት ሳይቀር የምሞላው እኔ ነኝ። አባቴ ፖስታ በመጣ ቁጥር ጫማውን እያወለቀ "ነይ እስቲ፣ አንብቢና ፈርሚ" ይለኛል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ የአባቴን ፊርማ ከአባቴ ይልቅ እኔ ነበርኩ አሳምሬ የምፈርመው። ያቺን ጠመዝማዛ ጭራዋን እሱ ሲቸኩል ይረሳታል፣ እኔ ረስቻት አላውቅም።

ሃይስኩል ልጨርስ ስል ሰሜን ካሮላይና ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ፣ ያውም በስኮላርሺፕ። ደብዳቤውን ለእናትና አባቴ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው፣ ሁለት ጊዜ። እናቴ ሁለተኛው ላይ አለቀሰች። የቀረኝ ለዶርም የሚያዘው ዲፖዚትና ጥቂት ወጪ ነበር፣ እሱም እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ካልገባ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ዶራቪል አንድ ትልቅ የእስያ ግሮሰሪ ዓሣ ክፍል ተቀጠርኩ። ቅርፊት እየፋቅኩ፣ በረዶ እየዛቅኩ፣ እጄ እስኪደነዝዝ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ከጎኔ ተነስቶ ይሄድ ነበር፣ እንዲህ ነበር የምሸተው። ግድ አልሰጠኝም። እሄዳለሁ እኮ! የራሴ አልጋ፣ የራሴ ጠረጴዛ፣ የማንም ፖስታ የማላነብበት ቦታ። ያን ገንዘብ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅሜ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሞላሁት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አስራ ስምንት ሞላኝ። ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ አባቴ "ነይ ለቤት መኪና ልገዛ ነው፣ ወረቀቱን ታነብልኛለሽ" ብሎ ቢዩፎርድ ሃይዌይ ላይ ያለ መኪና መሸጫ ወሰደኝ። ያቺን ቀን እንደ ትናንት ነው የማስታውሳት። የፕላስቲክ ባንዲራዎቹ በነፋስ ይንጫጫሉ፣ መግቢያው ላይ ፋንዲሻ የሚያፈነዳ ማሽን አለ፣ ቤቱ በሙሉ ቅቤ ቅቤ ይላል። ሻጩ የኛ ሰው ነበር፣ ከረባቱን ያሰረ፣ ሽቶ የተነከረ። አባቴን "ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጣሉ?" ሲል ቀብረር አለ አባቴ። ብርማ ቀለም ያላት፣ አራት በር፣ ወንበሯ ላይ ላስቲኩ ያልተላቀቀ መኪና አሳየን። ገብተን ተቀመጥን። ያን ጊዜ ሽታው ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ከዚያ ወረቀት መጣ። ሻጩ እኔን አየኝና ወደ አባቴ ዞሮ "ጋሼ፣ ልጅቷ አስራ ስምንት ሞልቷታል አይደል?" አለው።

"እንዴታ! ሦስት ሳምንቷ ነው" አለ አባቴ፣ ትከሻዬን እየነካ። በኔ የኮራ መስሎኝ እኔም ፈገግ አልኩ። ሞኝ!

አነበብኩለት። በወር ይህን ያህል፣ ለአምስት ዓመት፣ ወለዱ እንዲህ፣ ቢዘገይ መቀጮው እንዲያ። ሁሉንም በአማርኛ ተረጎምኩለት። ሻጩ በብዕሩ ጫፍ እየጠቆመ "እዚህ ጋ ስምሽን፣ እዚህ ጋ ፊርማ፣ እዚህ ጋ ኢኒሺያል፣ የስምሽን መነሻ ፊደል" ይለኛል።

"የራሴን ስም ነው?" አልኩ።

"አንቺ አይደለሽ ሁሌ የምትፈርሚልኝ?" አለ አባቴ።

"ፎርማሊቲ ነው እህቴ፣ አባትሽ አሉልሽ አይደል?" አለ ሻጩ።

ፈረምኩ። ምን አስቤ ነው ትይኛለሽ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፈርሜያለሁ፣ አንድም ቀን ፊርማዬ እኔን ይዞኝ አያውቅም። አስራ ስምንት ሲሞላኝ እጄ ላይ ምን እንደተቀየረ ማን ነገረኝ? ለሌላ ሰው ማንበብ ከለመድሽ የራስሽ ስም ዓይንሽ ሥር ቢቀመጥ እንኳ አታዪውም። ያን ውል እዚያ ክፍል ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ያልገባኝም እኔው ብቻ ነበርኩ።

ቅዳሜ ምርቃቴ ሆነ። አባቴ ከአንድ የሶፋ መሸጫ ጀርባ ያለ አዳራሽ ተከራይቶ አትላንታ ያለውን ሐበሻ ጠራው ብልሽ ይቀላል። የዶሮ ወጥ፣ የፀጉር ስፕሬይ፣ የፊኛ ሽታ ተቀላቅሎ። ማይኩ ይጮሃል፣ ኪቦርዱ ያንጎራጉራል፣ ሕፃናት ጠረጴዛ ሥር ይሯሯጣሉ። እኔ ጋዋኔን ለብሼ መሀል ተቀምጫለሁ፣ ሰው እየመጣ ግንባሬን ስሞ ፖስታ ያስቀምጣል። በመሀል ዝግጅቱን የሚመራው ሰውዬ ሙዚቃውን አስቆመና "ክቡራትና ክቡራን! አሁን አባት ለልጃቸው ያዘጋጁትን ሽልማት ለማየት ሁላችሁም ወደ ውጭ!" አለ።

በሩ ሲከፈት ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ያቺ ብርማ መኪና፣ ትልቅ ቀይ ሪባን ታስራ።

እልልታው! የእናቴ እልልታ ከሁሉም በላይ ነበር። ለቤት ነው ያለኝ መኪና ለካ ለኔ ነው! አስፋልቱ ላይ በጉልበቴ ወድቄ የአባቴን ጉልበት ሳምኩት፣ ግራና ቀኙን። የሰኔ አስፋልት እሳት ነው፣ ጉልበቴን ለበለበኝ፣ የአባቴ ሱሪ የላውንደሪ ፕላስቲክ ይሸታል። "ተነሽ፣ ተነሽ ልጄ" ብሎ አነሳኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ የምሩን ነው ያለቀሰው። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ውሸቱን ቢሆን ኖሮ እኮ ጠልቼው እገላገል ነበር።

አንዷ የእናቴ ጓደኛ "እኛ ለልጃችን ምን ልናደርግላት ነው?" ብላ ባሏን በክርኗ ስትጎሽመው በጆሮዬ ሰማሁ። አክስቴ ደግሞ ጉንጬን ይዛ "ዕድለኛ! እንዲህ ያለ አባት የት ይገኛል?" አለችኝ። የት ይገኛል፣ አዎ።

ሰኞ ጠዋት ስነሳ መኪናዋ የለችም። እናቴን ጠየቅኳት።

"አባትሽ ሥራ ይዟት ሄደ። የታክሲ ኩባንያው አሮጌዋን መኪናውን አልቀበልም ካለው ወር አለፈው እኮ" አለችኝ፣ ዕቃ እያጠበች፣ ዘወር ሳትል።

"ለኔ አይደለም እንዴ የገዛው?"

"ያንቺማ ናት። አንቺ ዩኒቨርሲቲ ስትሄጂ ቆማ ምን ታደርጋለች? እስከዚያ ይሥራባት።"

ምን እላለሁ? ልክ ነው አልኩ። አባቴ ይሥራ፣ ሠርቶ ነው የሚያበላን። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን ፖስታ መጣ፣ እንደ ልማዴ ከፈትኩት። ከላይ የተጻፈው ስም የኔ ነው። የመጀመሪያው ወር ክፍያ አልፏል፣ መቀጮ ተጨምሮበታል፣ ሁለተኛው ደርሷል። ሥሩ ደግሞ የኢንሹራንሱ። የአስራ ስምንት ዓመት ልጅ ስም ላይ ያለ ኢንሹራንስ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ጉድ ነው። ጆሮዬ ጭው አለ።

ወረድኩ። አባቴ አፓርታማው ፓርኪንግ ላይ መኪናዋን በጎማ ቱቦ ያጥባል፣ ሬድዮ ከፍቶ። ጣራዋ ላይ የታክሲው መብራት ተተክሏል።

"አባዬ፣ ይሄ በኔ ስም ነው የመጣው።"

"ታዲያ ያንቺ መኪና አይደለች? በማን ስም ይምጣ?"

"እኔ እኮ ላንተ ነው የፈረምኩት!"

"እኔ ደግሞ ላንቺ ነው የገዛሁት" አለኝ፣ እና ጎማውን ማጠብ ቀጠለ።

ምን ይመለሳል? ሸልሞኛል፣ ጉልበቱን ስሜያለሁ፣ መቶ ሰው እልል ብሏል። የሰጠሽን ሰው በምን አፍሽ ነው ዕዳህን ጫንክብኝ የምትዪው? ያ ሻጭ ጋ ደወልኩ። "እህቴ፣ ካልከፈልሽ ክሬዲትሽ ገና ሳይጀምር ይበላሻል፣ ነገ ለትምህርትም ሎን አያበድሩሽም፣ ምክሬን ስሚኝ ክፈይ" አለኝ፣ በዚያ በሽቶው ድምፅ። አባቴ እጅ ላይ ምንም አልነበረም። ለአዳራሹ፣ ለምግቡ፣ ለሪባኑ ሳይቀር ከፍሎ ጨርሷል። ለምርቃቴ በፖስታ የተሰጠኝ ገንዘብም ሁሉ ለዚያ ነው የገባው።

የዓሣ ገንዘቤን አወጣሁ። የሁለት ወሩን ከነመቀጮው፣ ኢንሹራንሱን፣ ከፈልኩ። በሳምንቱ የዲፖዚቱ ቀን ዓይኔ እያየ አለፈ። ዩኒቨርሲቲው ጋ ደውዬ ለመንኳቸው፣ ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፣ "በጣም አዝናለሁ፣ ስኮላርሺፑን ለጥር ማሻገር አንችልም" አለችኝ። አመሰገንኳት። አስቢው፣ እሷንም አመሰገንኳት! ማመስገን ብቻ ነው ያስተማሩኝ።

ቤት ገብቼ ጮህኩ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። እናቴ በሩን ዘጋችና "ጎረቤት ይሰማል። አባትሽን ሰው ፊት እንዳታዋርጂው። ዘንድሮ ቅሪ፣ ከርሞ ትሄጃለሽ" አለችኝ። አባቴ ሶፋው ላይ ነበር፣ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ቀንሶ፣ እያየ እንዳልሰማ። ከርሞ የሚባለው ዓመት አልመጣም። ሰው ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? "አባቷን ትታ መሄድ አልሆነላትም፣ እንዲህ ነው ልጅ!" ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን ለራሳቸው!

አምስት ዓመት ከፈልኩ። ቀን ዓሣ፣ ማታ እዚሁ ሠፈር ኮሌጅ፣ አንድ ኮርስ በአንድ ኮርስ። የኔን መኪና የነዳኋት ጊዜ በጣቴ ይቆጠራል። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አባቴ ይነዳል፣ እናቴ ከፊት ትቀመጣለች፣ እኔ በገዛ መኪናዬ ከኋላ፣ ተሳፋሪ በሚቀመጥበት። ከዚያ ስንወርድ ደግሞ አንዱ መጥቶ "ያቺ የሸለምካት መኪና ናት አይደል? ጀግና አባት!" ይለዋል። አባቴ አንገቱን ሰበር አድርጎ "ምን አደረግኩላት" ይላል።

አባቴ በራሱ ስም ያልፈረመው ክሬዲቱ ተበላሽቶ፣ የሚያበድረው ጠፍቶ ነው፣ በምን እንደተበላሸ የሰማሁት ግን ካገባሁ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ያለ ታናሽ ወንድሙ ሲያገባ፣ አሜሪካ ያለ ወንድም ዝም አይልም ተብሎ፣ በሦስት ካርድ ተበድሮ ሰርጉን ችሎለት ኖሯል። እዚያም ያኔ እልል ተብሏል። ያ እልልታ መጥቶ እኔ ላይ አረፈ ማለት ነው። ገባኝ። ገባኝ ማለት ግን በረደልኝ ማለት አይደለም።

አሁን ይህን ሁሉ ምን ቀሰቀሰብሽ በይኝ። ከሦስት እሁድ በፊት ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ሮዝዌል ቤታችን ትንሽ ምሳ አደረግን፣ ባለቤቴ፣ እሷና አባቴ ብቻ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ብቻውን ነው፣ ያን ከሥራ ሲወጣ የገዛውን ትንሽ ቤት ይዞ። በልተን ስንጨርስ በማንኪያ ብርጭቆውን መታ መታ አደረገ።

"ለልጅ ልጄ ስጦታ አለኝ። ቤቴን ሰጥቻታለሁ።"

"ዌት፣ ቤት? ሙሉ ቤት? ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ!" ብላ ልጄ ብድግ አለች። ባለቤቴ ማጨብጨብ ጀመረ።

አባቴ ወደኔ ዞሮ "አስራ ስምንት ሞልቷታል አይደል? ወረቀቱን መኪና ውስጥ ይዤዋለሁ፣ ትንሽ ፊርማ ነው" አለኝ።

"ና አሳየኝ" ብዬ እጁን ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁት። ፎልደሩን ከወንበሩ ላይ አንስቼ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ወረቀት ማንበብ ዛሬ እንጀራዬ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቤቱ ላይ ተበድሮበታል። አራት ወር አልተከፈለም። ልጄ ስትፈርም ቤቱም ዕዳውም በሷ ስም ሊሆን ነው።

ጮህኩበት። ከሃያ ዓመት በላይ የዋጥኩትን በሙሉ። "እሷም ጉልበትህን ስማ ትክፈልልህ? አሁንም እናመስግንህ? እስከ መቼ ነው የምትሰጠን አባዬ፣ እስከ መቼ?" ማዶ ሣር የሚያጭደው ጎረቤት ማሽኑን አጠፋ።

"ሰው ይሰማል" አለኝ አባቴ፣ ቀስ ብሎ።

"ይስማ!"

ያ ረጅም ሰውዬ አጥሮ ነበር። የመኪናውን በር ተደግፎ ቆመ። "ቤቱን ሊወስዱት ነው" አለኝ።

"ታዲያ ለምን እንዲህ ብለህ አትነግረኝም?"

"ምን ብዬ? አባት ልጁን ይለምናል?"

"ግባና ለሷ ራስህ ንገራት። ስጦታ ሳትል፣ እንዳለው ንገራት" አልኩት። እምቢ ይላል፣ ተነስቶ ይሄዳል ብዬ ነበር። ገባ። ልጄ ገና ቆማ ስልኳ ላይ ለጓደኞቿ ትጽፋለች። የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጁ ያዘ።

"ልጄ፣ ቤቱ ዕዳ አለበት። ስጦታ ያልኩሽ አፍሬ ነው። ተቸግሬያለሁ።"

ልጄ ስልኳን አስቀመጠች። እንደኔ ጆሮዋ ጭው አላለም፣ ፊቷም አልጠቆረም። "ኦኬ። እንደዚህ አትለኝም እንዴ ታዲያ፣ አባባ?" አለችው። "ሳመር የሠራሁት ብር አለኝ እኮ። ላይክ፣ ብዙ አይደለም፣ ግን ውሰደው። ስንት ነው የጎደለህ?"

"አንቺ ምንም አትከፍዪም! ምንም አትፈርሚም!" አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ። "እኔና አባትሽ እናየዋለን። እኛ ነን የምናየው።"

አባቴ ተቀመጠ። ልጄ ከጎኑ ወንበር ስባ እጁን ያዘችው፣ እሱ ጠረጴዛውን ያያል። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁና ውሃ ከፈትኩ፣ የሚታጠብ ነገር ፍለጋ። ትንሽ ቆይታ ልጄ ተከተለችኝ።

"ማሚ፣ ለምንድነው የምታለቅሺው? እናግዘዋለን አላልሽም?"

"እኔም እሰጠው ነበር" አልኳት። "ያኔ ቢጠይቀኝ እኮ እኔም እሰጠው ነበር።"

ምን እንደምናገር አልገባትም። መሐረብ አምጥታ ሰጠችኝና ውሃውን ዘጋችው።